በአንድ ገመድ ኢንተርኔት፣ ቴሌቪዥንና ስልክ፦ ለደሴው የሕንፃ ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አምስት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ አለኝ፤ 40 አባወራ ተከራይቶበታል። እያንዳንዱ ተከራይ ጣሪያ ላይ የራሱን ዲሽ እየተከለ፣ የራሱን የኢንተርኔት መስመር እየጎተተ ግድግዳው ገመድ በገመድ ሆኗል። አንድ ፈጣን ኢንተርኔት በስሜ አስገብቼ በወር ሒሳብ ላከፋፍላቸው አስቤያለሁ። በዚያው ገመድ የኢትዮሳት ጣቢያዎችን፣ አንድ የዲኤስቲቪ ካርድ አውጥቼ ኳሱን፣ ለየቤቱ ስልክ፣ እንዲሁም የሰፈሩን ወሬና የሱቆችን ማስታወቂያ የሚያሳይ የራሴን ቻናል ልጨምርበት እፈልጋለሁ። ኮምቦልቻ ያለኝን ሁለተኛ ሕንፃ ደግሞ ከጣሪያ ጣሪያ በሬዲዮ ላገናኘው። ሁሉም በአንድ ገመድ ስለሚሄድ የኢንተርኔት ፈቃድ ብቻ ይበቃሃል ብለውኛል። እውነት ነው? የማመለክተውስ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?»

እውነት አይደለም። ሕጉ ገመዱን አይቶ አይፈርድም። የሚያየው የሚሰጠው አገልግሎት ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚደርስና ገንዘብ እንደሚከፈልበት ነው። በአንዲት ቀጭን ፋይበር ኢንተርኔትም ቴሌቪዥንም ስልክም አብረው ቢያልፉ በሕግ ፊት ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የእርስዎ ዕቅድ ሲበተን ስድስት ሥራ ይወጣዋል፦ ኢንተርኔት መልሶ መሸጥ፣ ነጻ የሳተላይት ጣቢያ ማካፈል፣ የክፍያ ቴሌቪዥን ማካፈል፣ ስልክ፣ የራስ ቻናል፣ በሁለት ከተሞች መካከል የሬዲዮ መስመር። ከስድስቱ ነጻዎቹን ጣቢያዎች ማካፈል ነገ መጀመር ይችላሉ። ኢንተርኔቱን መልኩን ቀይረው ያገኙታል። ቻናሉን በጽሑፍ ጠይቀው ይወስኑታል። የቀሩትን ሦስቱን ይተዉአቸው።

በመጀመሪያ የሚንኳኳውን በር እንለይ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወራት ያባክናል። የቴሌኮም አገልግሎት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የተቋቋመው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ከከተማ አስተዳደሩ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ጋር በስም ከመመሳሰል ውጪ ግንኙነት የለውም። የከተማው ጽሕፈት ቤት የአስተዳደሩን መረጃ ያሰራጫል እንጂ ለኢንተርኔት ፈቃድ አይሰጥም። የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የኦንላይን መገናኛ ብዙኃን ጉዳይ ደግሞ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው፤ የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው። ይህ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የቆየውን ቅጂ ብቻ ይዘው ማመልከቻ እንዳይጽፉ። ከንግድ ጽሕፈት ቤት የሚወጣ የንግድ ፈቃድ የሁለቱንም ቦታ አይተካም። «የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ንግድ» የሚል ፈቃድ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ኢንተርኔት መሸጥ ያለፈቃድ መሸጥ ነው።

ሁለት መሥሪያ ቤት የኖረው ሁለቱ ዘርፎች ያደጉት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ነው። ስልክ ለረጅም ዘመን የአንድ የመንግሥት ድርጅት ሥራ ነበር፤ ጥያቄውም ማን መስመር ይዘረጋል፣ በስንት ዋጋ የሚል ነበር። ብሮድካስት ከ1991ዱ አዋጅ ቁጥር 178 ጀምሮ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ነበረው፤ እዚያ የሚጠየቀው ማን ይናገራል፣ ምን ይባላል፣ ሕፃናት ምን ያያሉ የሚል ነው። ገመዶቹ ሲገናኙ ጥያቄዎቹ አልተዋሃዱም። ሌሎች አገሮች መሥሪያ ቤቶቹን አዋሕደዋል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2003 አምስት ተቆጣጣሪዎችን በአንድ ጠቀለለች፤ ደቡብ አፍሪካ በ2000፣ ታንዛኒያ በ2003 የቴሌኮምና የብሮድካስት ተቆጣጣሪዎቻቸውን አንድ አደረጉ፤ ኬንያም ሁለቱን በአንድ ባለሥልጣን ሥር ታስተዳድራለች። ይሁን እንጂ በእነዚህ አገሮችም መስመር የመዘርጋት ፈቃድና ይዘት የማሰራጨት ፈቃድ ለየብቻ ነው። ታንዛኒያ እንዲያውም መሠረተ ልማቱን፣ የመረብ አገልግሎቱን፣ በመረቡ ላይ የሚሸጠውን አገልግሎትና ይዘቱን በአራት የፈቃድ ዓይነት ከፍላዋለች። «ሁሉም አንድ ነው» ያሉዎት ሰዎች የቴክኖሎጂውን ውህደት ከሕግ ውህደት ጋር አምታተውታል።

ወደ ኢንተርኔቱ እንምጣ፤ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው። በራስዎ ስም የገባን መስመር ለ40 አባወራ በወር ሒሳብ ማከፋፈል የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትን ከ7 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና ከአገልግሎቱ ተገኘ ተብሎ በሚገመተው ገቢ ሦስት እጥፍ መቀጮ ይቀጣል። ይህ ድንጋጌ የተጻፈው ዓለም አቀፍ ጥሪ ለሚያሸሹ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ሰፊ ነው። ተከራዮቹ በፈቃዳቸው መክፈላቸው አያድንዎትም። ዋጋውን ዝቅ ማድረግም፣ «ትርፍ የለውም፤ ወጪዬን ብቻ ነው የምመልሰው» ማለትም አያድንዎትም። ገንዘቡን በኪራዩ ውስጥ መደበቅ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ቤት በሚያከራዩበት ውል ውስጥ የቴሌኮም ሽያጭ በጽሑፍ አስቀመጡ ማለት ነውና።

ወንጀሉን ትተን የኃላፊነቱን ነገር ብቻ ብናይ እንኳ ዕቅዱ ለእርስዎ መጥፎ ነው። 40 ቤት በአንድ ራውተር ጀርባ ሲቀመጥ ከውጭ የሚታየው አንድ አድራሻ ነው፤ አድራሻው የተመዘገበው በእርስዎ ስም ነው። ከአርባዎቹ አንዱ ሰው ቢያጭበረብር፣ ወይም በአዋጅ 1185/2012 የተከለከለ የጥላቻ ንግግር ቢለጥፍ፣ ምርመራው በመጀመሪያ የሚያንኳኳው የእርስዎን በር ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ መረጃን ለአንድ ዓመት እንዲይዝ ያዛል። ተራ የቤት ራውተር ይህን አያደርግም፤ ማስታወሻው በሰዓታት ውስጥ ይሞላል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጨርሶ ይሰረዛል። ይህን የሚይዝ ማሽን ቢተክሉ ደግሞ የሰው ግንኙነት መዝገብ እጅዎ ላይ ይከማቻል። ያኔ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ኃላፊነት ውስጥ ይገባሉ፤ ይህንንም የሚያስፈጽመው ያው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የጎረቤትን የኢንተርኔት ምሥጢር የያዘ አከራይ መሆን ለማንም አይመከርም።

መፍትሔው ሻጭነቱን ለኦፕሬተሩ ትቶ መንገዱን ማዘጋጀት ነው። ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር ፋይበሩን እስከ ሕንፃዎ ምድር ቤት ያምጣ፤ ከዚያ ወደ ላይ ያለውን ቱቦ እርስዎ ይሥሩ፤ እያንዳንዱ ተከራይ በስሙ ይፈርም፣ በስሙ ይክፈል። የሚያስፈልገው ሥራ ትንሽ ነው። ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ቀጥ ያለ ቱቦ፣ በየፎቁ የምትቆለፍ አንድ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ወደየቤቱ 20 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ። ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አያስገቡት። ቤት ውስጥ የሚገባው ፋይበር መታጠፍ የሚችለው ዓይነት ይሁን፤ የተለመደው የውጭ ፋይበር ከ30 ሚሊ ሜትር ባነሰ ራዲየስ ሲታጠፍ ብርሃኑን ያፈስሳል፣ ለቤት ውስጥ የተሠራው ግን እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይታገሣል። አንድ ወደብ በስፕሊተር (ሲግናልን ለብዙ ቤት በሚያካፍል ዕቃ) ለ32 ደንበኛ ሲካፈል ለ40 ቤት አይበቃም፤ ስለዚህ ሁለት ወደብ እንዲመደብልዎ ከጅምሩ ይጠይቁ። 1 ለ32 ስፕሊተር ብቻውን 17 ዴሲቤል (የሲግናል መጠን መለኪያ) ያህል ይበላል። በተለምዶ የሚፈቀደው ጠቅላላ ብክነት 28 ዴሲቤል ነው፤ በቀረው 11 ዴሲቤል ፋይበሩ፣ ማገናኛዎቹና ብየዳዎቹ ሁሉ መኖር አለባቸው። የቆሸሸ ማገናኛ ብቻ ይህን ሕዳግ ሊጨርሰው ስለሚችል ሠራተኞቹ ጫፉን ሳያጸዱ እንዳይገጥሙ ቆመው ይቆጣጠሩ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ «በሕንፃዬ ከዚህ ኦፕሬተር በቀር አይገባም» የሚል ውል አይፈርሙ። ቱቦው የእርስዎ፣ ምርጫው የተከራዩ ይሁን። ቦታ ካለ ለሁለተኛ ኦፕሬተር የሚሆን ባዶ ቱቦ አብረው ያስቀብሩ፤ ኋላ ግድግዳ ከመፈልፈል ይሻላል።

አሁን ነጻዎቹ ጣቢያዎች። ከዕቅድዎ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው፤ ጣሪያዎን የሚያጸዳውም ይኸው ነው። አንድ ዲሽ ተክሎ ለአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ማካፈል የጋራ አንቴና ነው እንጂ የብሮድካስት ሥራ አይደለም። እንዲህ ሆኖ የሚቆየው ግን ከአንድ ሕንፃ ካልወጣ፣ ጣቢያው በሚተላለፍበት ሰዓት እንዳለ ካለፈ፣ ምንም ካልተቆረጠና ካልተጨመረበት፣ ክፍያም ካልተጠየቀበት ነው። በጣቢያው ላይ የራስዎን ማስታወቂያ በጽሑፍ ከለጠፉ፣ ወይም «የቴሌቪዥን» ብለው በወር 100 ብር ከሰበሰቡ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። ገመዱን መንገድ አሻግረው ለጎረቤት ሕንፃ ከሰጡም እንደዚያው፤ በዚያ ላይ የመንገድና የኤሌክትሪክ ምሰሶ ፈቃድ ጉዳይ ይጨመርበታል።

ሥራው ቀላል የሚሆንበት ምክንያት አለ። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ዋናው ፍሪኩዌንሲ 11105 ሜጋኸርዝ፣ ኤች (አግድም ሞገድ)፣ ሲምቦል ሬት 45000 ነው። ከደሴ ዲሹ የሚዞረው ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከሰሜን 122 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ቀና የሚለው 66 ዲግሪ ያህል ነው። ይህ ከፍታ ለደሴ በረከት ነው፤ ከተማዋን የከበቧት ተራሮች ሳተላይቱን አይጋርዱትም፣ የሚያስቸግረው ቅርብ ያለ ረጅም ሕንፃ ብቻ ነው። ጣቢያው ያለው በታችኛው ባንድና በኤች በኩል ስለሆነ መልቲስዊች የሚባለው፣ ለየቤቱ የተለያየ ባንድ የሚመርጥ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ተራ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ላይ ያለው ተቀባይ) 11105ን ከ9750 ጋር አቀናንሶ በ1355 ሜጋኸርዝ ወደ ገመዱ ያወርደዋል፤ በ18 ቮልት ይመግቡትና ያንኑ አንድ ገመድ በስፕሊተር ያካፍሉት።

የሚበላሸው ስፕሊተር ሲገዛ ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው ለአሮጌ አንቴና የተሠራ፣ ላዩ ላይ ከ5 እስከ 1000 ሜጋኸርዝ የሚል ነው፤ 1355ን አያሳልፍም፣ ወይም አድክሞ ያሳልፋል። ከ950 እስከ 2150 የሚል ይፈልጉ፤ ካልተጻፈበት አይግዙ። ሁለተኛው ስህተት የኤሌክትሪክ ነው። አርባው ሪሲቨር ሁሉ ወደ ላይ 13 ወይም 18 ቮልት ሊልክ ይፈልጋል፤ አንዱ ተከራይ ሌላ ሳተላይት ሲፈልግ የሁሉንም ቤት ቴሌቪዥን ያጠፋል። ስለዚህ ኤልኤንቢው ከአንድ ቋሚ ፓወር ሰፕላይ ብቻ ይመገብ፣ ወደየቤቱ የሚሄደው ቀዳዳ ግን ቮልት የማያሳልፍ ይሁን። ሦስተኛው የሲግናል ሒሳብ ነው። ከኤልኤንቢው የሚወጣው ከዜሮ በታች 30 ዴሲቤል ሚሊዋት አካባቢ ነው እንበል። ለአምስት ፎቅ ሲከፈል ወደ 10፣ በየፎቁ ለ8 ቤት ሲከፈል ወደ 12፣ በ50 ሜትር ገመድ ደግሞ ወደ 12 ዴሲቤል ይጠፋል፤ መጨረሻው ቤት ከዜሮ በታች 64 ይደርሳል። ሪሲቨር በተለምዶ የሚቀበለው እስከ 65 ነው። ፀሐይ ሲሆን ያያሉ፣ የክረምት ዝናብ ሲመጣ ይቋረጣል። ከመጀመሪያው ስፕሊተር በፊት 20 ዴሲቤል የሚጨምር አምፕሊፋየር ያስገቡ፤ ዲሹንም ወደ 120 ሳንቲ ሜትር ያሳድጉት። የዲሹን እግርና የአምፕሊፋየሩን ሳጥን ከመሬት ጋር በወፍራም መዳብ ያገናኙ። አንድ መብረቅ በአንድ ገመድ ገብቶ አርባ ቤት ሊያቃጥል የሚችለው የጋራ አንቴና ላይ ነው።

«ለምን በኢንተርኔቱ ስዊች አላሳልፈውም?» ብለው ያስቡ ይሆናል። ይቻላል፤ ግን ለ40 ቤት ወጪውና ጣጣው አይገባም። አንድ ተራ ጥራት ያለው ጣቢያ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ቢወስድ 30 ጣቢያ 120 ሜጋቢት ይሆናል። ስዊቹ ማን ምን እንደጠየቀ ለይቶ የማያውቅ ከሆነ ሁሉንም ለሁሉም ይደፋዋል፤ የ100 ሜጋቢት ቀዳዳዎች ይታነቃሉ፣ ኢንተርኔቱም አብሮ ይሞታል። በዋይፋይ ደግሞ ይብሳል፤ ለብዙ ተቀባይ በአንዴ የሚላክ ነገር በዋይፋይ ላይ በዝቅተኛው ፍጥነት ስለሚሄድ አንድ ጣቢያ ብቻ አየሩን ይሞላዋል። ለቴሌቪዥን ኮአክሲያል (የተለመደው የዲሽ ገመድ)፣ ለኢንተርኔት ፋይበር፣ ሁለቱም በየራሳቸው ቱቦ። በሕግም የሚጠቅምዎ ይኸው መለያየት ነው፤ ማንም መጥቶ ቢያይ የጋራ አንቴናው ከኢንተርኔቱ ጋር እንደማይነካካ በዓይኑ ያያል።

ኳሱን በአንድ ካርድ ለ40 ቤት ማሳየት ግን ምንም መላ የለውም። የቤት ካርድ ለአንድ ቤተሰብ የተሸጠ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ሥርጭትን መልሶ የማሰራጨትና ለሕዝብ የማቅረብ መብት ለአሰራጩ ይሰጣል፤ ጥበቃውም 20 ዓመት ይቆያል። ሆን ብሎ መጣስ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በከባድ ቸልተኝነት ሲሆን ከ1 እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። «ክፍያ አልጠየቅሁም» የሚለው እዚህ ደካማ መከራከሪያ ነው፤ ሕጉ የሚያየው ከቤተሰብና ከቅርብ ወዳጅ ክበብ ውጪ ላለ ሰው መድረሱን ነው። የሚፈልግ ተከራይ የራሱን ካርድ ያውጣ። ለምድር ቤቱ ካፌ ከሆነ ለንግድ ቦታ የሚሸጠውን የደንበኝነት ዓይነት ይጠይቁ።

ስለ ስልኩ አጭር ነው። ከዘበኛ ቤት ወደየቤቱ የሚደውል የውስጥ መገናኛ ማንንም አይመለከትም። ከሕዝብ ስልክ መረብ ጋር ከተገናኘ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብሎ ወደ አገር ውስጥ ቁጥር ከለቀቀ፣ ከላይ በጠቀስኩት የማጭበርበር አዋጅ ውስጥ ገቡ። ጥሪ የሚያስተላልፍ ዕቃ ርካሽ ነው ብሎ የሚያሳይዎ ሰው ካለ ዕቃውን እንኳ ቤትዎ አያስገቡ። ያለፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ መያዝ በዚያው አዋጅ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

የራስዎ ቻናል ላይ ጥያቄው «ምን ያሳያል?» ነው። «ነገ ውኃ አይኖርም»፣ «የደረጃ ጽዳት ተራ የ3ኛ ፎቅ ነው» የሚል ስክሪን የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። የሰፈሩ ወሬ፣ ቃለ መጠይቅ፣ አዘጋጅ ያለውና በፕሮግራም የሚቀርብ ዝግጅት ሲሆን ግን የመገናኛ ብዙኃን ሥራ ነው፤ በገመድ ቢሄድም በዩቲዩብ ቢወጣም አዋጅ 1238/2013 ይመለከተዋል። ለሰፈር ዜና የሚቀለው መንገድ እንደ ኦንላይን መገናኛ ብዙኃን ተመዝግቦ ተከራዩም ከሕንፃው ውጪ ያለውም በስልኩ እንዲያየው ማድረግ ነው። የሱቆቹን ማስታወቂያ በተመለከተ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በብሮድካስት የአልኮል ማስታወቂያን ከልክሏል። ሕንፃዎ ሥር መጠጥ ቤት ካለ ማስታወቂያውን አይቀበሉ፤ «ቻናሌ ብሮድካስት አይደለም» ብሎ መከራከር ለአንድ ግሮሰሪ ሲባል የሚገባበት ጉዳይ አይደለም።

የሬዲዮ መስመሩ በፊዚክስም በሕግም ይወድቃል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፤ በአየር ቀጥታ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፣ መካከላቸው ግን ሸንተረር አለ። በ5.8 ጊጋኸርዝ በዚህ ርቀት መሐል ላይ ከእይታ መስመሩ ዙሪያ በየአቅጣጫው 13 ሜትር ያህል ክፍት አየር ያስፈልጋል። ከፒያሳ ጣሪያ ኮምቦልቻ ያለ ጣሪያ አይታይም፤ ስለዚህ ተራራ ላይ ሦስተኛ ጣቢያ መትከል ግድ ይሆናል፣ ከዚያም መሬቱ፣ መብራቱ፣ ጥበቃው ይከተላል። ፍሪኩዌንሲው ደግሞ የአገር ሀብት ነው፤ «ነጻ ባንድ» የሚባለው ቤት ውስጥ ላለ ዋይፋይ እንጂ የሌላ ሰው ትራፊክ ከከተማ ከተማ ለመሸከም አይደለም። የኮምቦልቻውን ሕንፃ ራሱን ችሎ እዚያው ካለ ኦፕሬተር ያገናኙት። የሁለቱን ሕንፃ ካሜራ ብቻ አንድ ቦታ ሆነው ማየት ከሆነ ፍላጎትዎ ተራ የኢንተርኔት መስመር ይበቃዋል።

ሁሉንም በአንድ ገመድ የማድረግ ሐሳብ ሌላም ጉዳት አለው፤ ሰው የሚያስታውሰው ገመዱ የተቋረጠ ቀን ነው። የድሮው የመዳብ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያ ስለነበር ሰፈሩ ጨለማ ሆኖ ስልኩ ይሠራ ነበር። የፋይበር ስልክ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለእሳትና ለምጥ የሚደወልበት ስልክ ከመብራቱ ጋር እንዳይሞት በየቤቱ ያለው የፋይበር ሳጥን 12 ቮልት ባትሪ ይኑረው። ሳጥኑ 10 ዋት ያህል ስለሚወስድ 7 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ያቆየዋል። ቴሌቪዥኑ በዲሽ በኩል መቆየቱም ለዚህ ይጠቅማል። ወሎ የኔትወርክ መቋረጥን በሚገባ ያውቃል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ዜና የሚገባበት አንድ ሌላ መንገድ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ጣጣ በእርስዎ ላይ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሕጉም የሚጎድለው አለ። 40 ቤት ያለውን አከራይና ሚሊዮን ደንበኛ ያለውን ኦፕሬተር በአንድ የወንጀል ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ለሕንፃ ውስጥ መረብ አንድ ገጽ የሆነ የምዝገባ ሥርዓት፣ ቋሚ ግዴታዎችና ቀላል ቅጣት ቢኖር የተደበቀው ሁሉ ይወጣል፣ ተከራዩም ይጠበቃል። ሁለቱ ባለሥልጣናትም ማመልከቻ በጋራ የሚቀበሉበት አንድ መስኮት ሊኖራቸው ይገባል፤ የደሴ ሰው ለአንድ ገመድ አዲስ አበባ ሁለት ቦታ መመላለስ የለበትም። ፍሪኩዌንሲም እንደዚሁ የሁለቱን መግባባት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 በጄኔቫ የተደረገው ስምምነት ለዲጂታል ቴሌቪዥን ሽግግር እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2015ን ቆርጦ ነበር። ከ694 እስከ 862 ሜጋኸርዝ ያለው የቀድሞ የቴሌቪዥን አየር ደግሞ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ለሞባይል ኢንተርኔት ተከፍቷል። እንደ ደሴ ባለ ሸለቆና ገደል በበዛበት አገር ይህ ዝቅተኛ ባንድ ከተራራ ጀርባ የሚደርስ ውድ ሀብት ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ስለ ቴሌቪዥን፣ ሌላው ስለ ሞባይል ብቻ ካሰበ ሀብቱ ሥራ ፈትቶ ይቆያል።

እርስዎ ግን ሕጉ እስኪሻሻል አይጠብቁ፤ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያድርጉት። በዚህ ወር ቱቦዎቹን ያስገቡና የጋራ አንቴናውን ይትከሉ፤ የግል ዲሾቹን የሚያወርዱት ግን የጋራው ሁለት ሳምንት ያለ መቋረጥ ከሠራ በኋላ ነው። ሌላ ሳተላይት የሚያይ ተከራይ ካለ አያስገድዱት፤ ለእሱ የሚሆን አንድ ምሰሶ ጣሪያ ላይ ያዘጋጁለት። በኪራይ ውሉ ላይ «የጋራ አንቴና አገልግሎት ያለክፍያ የሚሰጥ ሲሆን የኢንተርኔት ውል በተከራዩና በኦፕሬተሩ መካከል ነው» የሚል አንቀጽ ይጨምሩ። የሕንፃውን ፕላንና የቤቶቹን ብዛት ይዘው ለኦፕሬተሩ የጽሑፍ ጥያቄ ያስገቡ፤ ሁለት የስፕሊተር ወደብ የሚለውን በጽሑፉ ላይ ያስፍሩት። ለቻናሉ ደግሞ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ምን እንደሚያሳይ፣ ለስንት ቤት፣ በምን መንገድ፣ በክፍያ ይሁን በነጻ ዘርዝረው ይጻፉ፤ ማኅተምና ቁጥር ያለው መልስ እስኪመጣ ስክሪኑ ላይ ከጽዳት ተራና ከውኃ ማስታወቂያ ሌላ እንዳይወጣ። በቃል «ችግር የለውም» ብሎ የነገረዎ ባለሙያ ነገ ወደ ሌላ ክፍል ሊዛወር ይችላል፤ የሚከላከልልዎ በእጅዎ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።